ከሕዝብ መስመር ጋር የሚሠራ የቤት የፀሐይ ኤሌክትሪክ፦ የስያሜዎቹ ሂሳዊ ምርመራ

የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ ሰሌዳዎችን በመኖሪያ ቤት ጣሪያ ላይ ተክሎ፣ የሚገኘውን ኤሌክትሪክ ከሕዝብ መስመር ጋር እያጣመሩ መጠቀም በብዙ አገሮች የተለመደ ሆኗል። በዩናይትድ ስቴትስ የሚኔሶታ ክፍለ ግዛት፣ የቤት ባለቤት ከፍጆታው የተረፈውን ኤሌክትሪክ ወደ መስመሩ ሰጥቶ በሒሳቡ እንዲታሰብለት የሚፈቅድ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1983 ነበር። ጀርመንም «አንድ ሺህ ጣሪያ» የተባለውን መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ1990 ጀምራለች። ዛሬ በሜሪላንድ፣ በካሊፎርኒያ፣ በጀርመን ወይም በእስራኤል ቤት ያለው አማርኛ ተናጋሪ የዚህ ዓይነት ውል ቢቀርብለት የሚያስገርም አይሆንም። ውሉን በአማርኛ የሚያስረዳው ሰው የሚጠቀምባቸው ቃላት ምን ዓይነት እንደሆኑ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ቃላት ጠፍተው አይደለም። «ፍርግርግ»፣ «ቋት»፣ «ትስስር»፣ «ደሴት»፣ «ገልባጭ»፣ «ማጥፊያ»፣ «የተጣራ ቆጠራ» የሚሉትን ተርጓሚ በቀላሉ ያገኛቸዋል። አንዳንዶቹ በዜና ማሰራጫ ጭምር የለመዱ ናቸው፤ ሌሎቹ የባዕዱን ቃል በቁሙ ሲመልሱት የሚወጡ ናቸው። ክርክራችን እነዚህ ቃላት አማርኛ መሆን አለመሆናቸው ላይ አይደለም። የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ የሕዝቡ መስመር በተቋረጠ ጊዜ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ምን እንደሚሆን፣ ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛም ምን እንደሚጠብቀው ቃሉ ይነግራቸዋል ወይስ ያሳስታቸዋል?

1. ስለ ነገሩ ጥቂት ማብራሪያ

ስያሜን ከመተቸት በፊት የተሰየመውን ነገር ማወቅ ይገባል። በጣሪያ ላይ ያሉት ሰሌዳዎች ፀሐይ ሲያርፍባቸው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ ይሰጣሉ። የሕዝቡ መስመር የሚያመጣው ደግሞ አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚመላለስ ነው፤ ይኸውም በኢትዮጵያና በአውሮፓ በሴኮንድ 50 ዑደት፣ በአሜሪካ 60 ዑደት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው፣ ባለሙያዎች «ኢንቨርተር» የሚሉት መሣሪያ የሰሌዳውን ኤሌክትሪክ ወደ መስመሩ ዓይነት ይለውጣል። ባትሪ በሌለው በተለመደው አተካከል ይህ መሣሪያ የራሱን ምት አያወጣም፤ የመስመሩን ምት እያዳመጠ ከዚያው ጋር ይገጥማል። በዘፈናችን ሥርዓት አውጪና ተቀባይ እንዳለ ሁሉ፣ መስመሩ አውጪ፣ መሣሪያው ተቀባይ ነው። አውጪው ዝም ሲል ተቀባዩም ዝም ይላል።

ይህ ዝምታ በደንብም የታዘዘ ነው። የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ተቋም እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው 1547ኛው መመዘኛ፣ የቤቱ ምንጭ ከተቋረጠ የመስመር ክፍል ጋር ብቻውን ቢቀር ይህንኑ አውቆ በ2 ሴኮንድ ውስጥ ኤሌክትሪክ መስጠቱን እንዲያቆም ያስገድዳል። ምክንያቱም የሰው ሕይወት ነው። በኢትዮጵያ ብዙ ሰፈሮች በምሰሶ ላይ የሚታየው ትራንስፎርመር ከማከፋፈያው መስመር የሚመጣውን 15,000 ቮልት ለቤት ወደሚሆን 220 ቮልት ገደማ ዝቅ ያደርገዋል። ከቤት ወደ መስመር ኤሌክትሪክ ቢገባበት ደግሞ ያንኑ 220 መልሶ ወደ 15,000 ከፍ ያደርገዋል። መስመሩ ተቋርጧል ብሎ ሽቦ የሚቀጥል ሠራተኛ ከአንድ ጣሪያ በመጣ ኤሌክትሪክ ሊሞት ይችላል ማለት ነው። ያለ ማዛወሪያ ከቤት ሽቦ ጋር የተገናኘ ጄኔሬተርም የሚያደርሰው አደጋ ይኸው ነው።

እንግዲህ የነገሩ ዋና ጠባይ ይህ ነው፦ በጠራራ ፀሐይም ቢሆን፣ መስመሩ ሲቋረጥ ሰሌዳው ያለው ቤት ከጎረቤቱ እኩል ይጨልማል።

2. «ፍርግርግ» እና «ቋት»

የሕዝቡን መስመር አንዳንድ ጽሑፎች «የኤሌክትሪክ ፍርግርግ» ይሉታል። ፍርግርግ በአማርኛ በመስኮት ላይ የሚሠራውን የብረት ወይም የእንጨት መርበብ ያሳስባል። እንግሊዝኛው ቃሉን ያገኘው ሥጋ ከሚጠበስበት የብረት መደርደሪያ ስም ነው፤ ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛና ጣሊያንኛ ግን ለዚሁ ነገር «መረብ» ማለትን መርጠዋል። ስለሆነም «ፍርግርግ» ያለ ተርጓሚ የተረጎመው የእንግሊዞችን ምሳሌ እንጂ ነገሩን አይደለም። ሆኖም ይህ ስያሜ እንግዳ ከመሆኑ በቀር ጉዳት የለውም። ማንም ሰው «ፍርግርግ» የሚለውን ሰምቶ እጁን ወደ አደጋ አይሰድም።

«ቋት» የተለየ ነው። በኢትዮጵያ ዜና ማሰራጫዎች «ብሔራዊ የኃይል ቋት» የሚለው ሐረግ ከለመደ ቆይቷል፤ አንድ ግድብ ሥራ ሲጀምር ኃይሉ «ወደ ቋቱ ገባ» ይባላል። ቃሉ በሥሩ ያማረ ነው። የወፍጮ ቋት ዱቄቱ የሚጠራቀምበት ነው፤ የውሃ ቋትም ውሃ የሚያቁር ነው። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከውሃ የሚመነጭ በመሆኑ ምሳሌው ያለ ምክንያት አልመጣም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሐይቅ በእርግጥም ቋት ነው፤ የሚያጠራቅመው ግን ውሃ ነው። ከተርባይኑ ወዲህ ያለው ሽቦ ምንም አያጠራቅምም። በመስመሩ ላይ የሚመነጨውና የሚበላው በየቅጽበቱ እኩል መሆን አለበት፤ ምንጩ ከፍጆታው ሲበልጥ ምቱ ይፈጥናል፣ ሲያንስ ይዘገያል።

ለዚህ ጀርመን ጥሩ ማስረጃ ትሰጣለች። በዚያ አገር በርካታ የጣሪያ መሣሪያዎች የመስመሩ ምት 50.2 ዑደት ሲደርስ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲቆሙ ተደርገው ተተክለው ነበር። ሰሌዳዎቹ በበዙ ጊዜ ይህ በአንድነት መቆም ራሱ መስመሩን ሊያናጋ እንደሚችል ታወቀና፣ መሣሪያዎቹ ደረጃ በደረጃ እንዲቀንሱ የሚያስገድድ ድንጋጌ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ። መስመሩ ቋት ቢሆን ኖሮ ትርፉን ይዞ ያቆየው ነበር፤ ድንጋጌውም ባላስፈለገ ነበር።

ስህተቱ ለቤት ባለቤቱ ሲደርስ እንዲህ ይሆናል። «ቀን የተረፈዎትን ኃይል ወደ ቋቱ ያስገባሉ፤ ማታ ከቋቱ ያወጣሉ» ቢባል፣ ሰሚው በራሱ እህል ጎተራ ልክ ያስበዋል። የኔ ነው፣ በተቸገርኩ ጊዜ አወጣዋለሁ ይላል። መስመሩ በተቋረጠ ማታ ግን የሚያወጣው ነገር የለም። ቀን የሰጠውን ጎረቤቱ በዚያው ቅጽበት ተጠቅሞበታል፤ ለባለቤቱ የቀረው በሒሳብ መዝገብ ላይ ያለ ቁጥር ነው።

ቋንቋ ሁሉ በምሳሌ የተሞላ ስለሆነ እንዲህ መጨነቅ አያሻም የሚል ሊኖር ይችላል። እውነት ነው፣ «ስልክ» የሚለው ቃል በዐረብኛ ሽቦ ማለት ነበር፤ ዛሬ ሽቦ የሌለውንም ስልክ እንለዋለን፣ የተጎዳም የለም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ስልክን ሽቦ ብሎ የጠራ ሰው ስሙን ተከትሎ የሚፈጽመው የተሳሳተ ተግባር የለውም። መስመርን ቋት ያለ ሰው ግን ስሙን አምኖ ባትሪ ሳይገዛ ይቀራል፤ መድኃኒቱንም በማቀዝቀዣው ትቶ ይተኛል።

በእኛ በኩል ከሁለቱም ይልቅ ሕዝቡ ራሱ የሚጠቀምበትን «መስመር» እንመርጣለን። «መስመር ገባልን»፣ «መስመሩ ተበጠሰ» ሲባል ሁሉም ይገባዋል። መስመር ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ያደርሳል እንጂ አያከማችም፤ ይህም የነገሩ እውነተኛ ጠባይ ነው። ዘርዘር ማድረግ ባስፈለገ ጊዜ «የሕዝብ መስመር» ወይም «ዋናው መስመር» ማለት ይበቃል።

3. «ከመስመር ጋር የተሳሰረ»

በኢትዮጵያ «ሶላር» የሚለው ቃል ለብዙ ሰው የሚያስታውሰው መስመር ያልደረሰበትን ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውና በ2019 የተሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም፣ እስከ 2025 ድረስ ከሕዝቡ 65 በመቶውን ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጭ በሆኑ ዘዴዎች ለማዳረስ ያቀደ ነበር። ከመስመር ውጭ ከሚባሉት ዘዴዎች አንዱ ሶላር ነው። ስለዚህ ሶላር ሲባል «መስመር ባይኖርም የሚያበራ» የሚለው ትርጉም ከቃሉ ጋር ተጣብቆ ይመጣል። ለሶላር ፋኖስ ይህ ትክክል ነው፤ ባትሪ ለሌለው የጣሪያ ተከላ ግን ተቃራኒው ነው።

በዚህ ላይ «የተሳሰረ» የሚለው ሲጨመር ስህተቱ ይጠናል። በአማርኛ መተሳሰር የመደጋገፍ ቃል ነው፤ የተሳሰሩ ሰዎች አንዱ ቢወድቅ ሌላው ያነሣዋል። «ከመስመር ጋር የተሳሰረ ሶላር» የሚለውን የሰማ ሰው፣ መስመሩ ሲጠፋ ሶላሩ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ መስመሩ ያበራልኛል ብሎ ሁለት ዋስ እንዳገኘ ይቆጥራል። ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ሐሰት ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ መስመሩ ይረዳዋል፤ መስመሩ ሲቋረጥ ግን ሶላሩ አይረዳውም። ዝምድናው ባለ አንድ ወገን ነው።

ባለ አንድ ወገን ዝምድና በአማርኛ ስም አለው፤ ጥገኝነት ይባላል። ስለዚህ ባትሪ የሌለውን ተከላ «መስመር ጥገኛ» ብለን እንድንሰይም ሐሳብ እናቀርባለን። አመሠራረቱ በ«ትምህርት ቤት» እና በ«ምግብ ቤት» እንደሚታየው አገናዛቢው «የ» የወደቀበት ጥምር ነው። «ጥገኛ» የነቀፋ ቃል ነው፣ የሌላውን ደም የሚመጡ ተሕዋስያንም በዚሁ ይጠራሉ የሚል ተቃውሞ ይጠበቃል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ ሻጭም ስሙን አይወደውም። ነገር ግን ውል የሚፈርም ሰው «ጥገኛ ነው» ሲባል ወዲያው «በምን ላይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «ተሳስሯል» ሲባል ግን ጥያቄው አይነሣም። ይህ ጥያቄ እንዲነሣ ማድረግ የሚያመጣው ጥቅም ቃሉ ካለበት ነቀፋ ይበልጣል።

ባትሪ ይዞ ያለ መስመር የሚሠራው «ራሱን የቻለ» ይባል። ሦስተኛው ዓይነት፣ መስመሩ ሲቋረጥ በማዛወሪያ ቤቱን ከመስመሩ ለይቶ ከባትሪው ቤቱን ብቻ የሚያበራው፣ «ቅይጥ» ቢባል ይስማማዋል። ሦስቱ ስሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ገዢው የትኛውን እንደገዛ ያውቃል።

4. «ደሴት»

የተቋረጠ የመስመር ክፍል በቤት ምንጭ ብቻ ሕያው ሆኖ መቅረቱን እንግሊዝኛ በደሴት ይመስለዋል። ጀርመንኛም በዚሁ ምሳሌ ይጠቀማል፤ ግን «የደሴት ተከላ» የሚለው ራሱን ለቻለው ሶላር ነው፣ እንደ በጎ ነገር። ያው ምሳሌ በአንዱ ቋንቋ የአደጋ ስም፣ በሌላው የነጻነት ስም ሆኗል። ይህ ብቻ እንኳን «ደሴታዊነት» ብሎ በቁሙ ለሚመልስ ተርጓሚ ማስጠንቀቂያ በሆነው ነበር። በአማርኛ ደግሞ ደሴት ሲነሣ የጣና ገዳማት ይታሰባሉ፤ መጠለያና መሸሸጊያ እንጂ አደጋ አይደለም። «ፀረ ደሴት መከላከያ» የሚለው ሐረግ አንባቢን ከማሳቅ በቀር የሚያስገነዝበው የለም።

ነገሩ የሚፈልገው ምሳሌ ሳይሆን ግልጽ አነጋገር ነው። ድርጊቱን «ተነጥሎ ሕያው መቅረት»፣ የሚከላከለውን ሥርዓት «አብሮ ማቆም» ብንለው፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። «ይህ መሣሪያ መስመሩ ሲቋረጥ አብሮ ያቆማል» የሚል ዐረፍተ ነገር ለባለሙያም ለባለቤትም አንድ ነገር ይነግራል።

5. «ገልባጭ»፣ «ለዋጭ» እና ምቱ

«ኢንቨርተር» የሚለውን በቁሙ የተረጎመ ሰው «ገልባጭ» ይላል። ገልባጭ በአማርኛ ቦታው ተይዟል፤ አሸዋና ድንጋይ የሚያመላልሰው መኪና ነው። «ገልባጩን ከጣሪያው በታች አቁሙት» የሚል የተከላ መመሪያ ምን እንደሚያስከትል መገመት አያዳግትም። «ለዋጭ» ግን ሥራውን በትክክል ይገልጻል። «ኢንቨርተር» የሚለው ውሰትም በገበያው ስለለመደ መጣል የለበትም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ቢኖሩ ችግር የለውም።

የሚያሳስበው የሁለቱ ዓይነት ለዋጮች ልዩነት ነው። አንዱ የመስመሩን ምት ብቻ ይከተላል፤ ሌላው ባትሪ ሲኖረው ራሱ ምት ያወጣል። ከላይ የተጠቀምንበት «አውጪና ተቀባይ» ለማስረዳት ያመቻል፤ ለስያሜ ግን «ተቀባይ» ኤሌክትሪክ የሚቀበል ስለሚመስል አይሆንም። «ምት ተከታይ ለዋጭ» እና «ምት ሰጪ ለዋጭ» ቢባሉ ይሻላል። «ቤት ሠሪ»፣ «ዜና አቅራቢ» እንደሚባለው ተሳቢው ከባለቤት ስሙ ቀድሞ የመጣበት የታወቀ አመሠራረት ነው፤ «ምት» ደግሞ ከልብ ምት የተነሣ ለሁሉም ቅርብ ነው።

6. «ማጥፊያ»

በሰሌዳውና በለዋጩ መካከል፣ ከዚያም በለዋጩና በመስመሩ መካከል የሚተከሉትን ቁልፎች «ማጥፊያ» ብሎ መጥራት የመብራት ልማድ ነው። «ማብሪያና ማጥፊያ» በየግድግዳው አለና ተርጓሚው አይፈረድበትም። እዚህ ግን ቃሉ ይዋሻል። ፀሐይ እስካለች ድረስ ሰሌዳው አይጠፋም። ቁልፉ ሲዘጋ ከቁልፉ ወዲህ ያለው ይቋረጣል፤ ከቁልፉ ወዲያ፣ ወደ ጣሪያው ያለው ሽቦ ግን ሕያው ነው። በዩናይትድ ስቴትስ መኖሪያ ቤቶች ይህ እስከ 600 ቮልት ሊደርስ ይችላል። ሕዝቡ ከጣሊያንኛ ወስዶ «ኮረንቲ» የሚለው የሰሌዳው ቀጥተኛ ኮረንቲ ደግሞ እንደ ተመላላሹ በየዑደቱ ዜሮ ስለማይነካ፣ አንድ ጊዜ የእሳት ብልጭታ ከፈጠረ በቀላሉ አይጠፋም። የእሳት አደጋ ሠራተኞች በጣሪያ ላይ ሲሠሩ ከዚህ እንዲጠበቁ ነው የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ደንብ ከ2014 እትሙ ጀምሮ የጣሪያ ሽቦዎችን ቮልት በፍጥነት ዝቅ የሚያደርግ ሥርዓት የጠየቀው።

ስለሆነም ቁልፉ «ማቋረጫ» ይባል። ማጥፋት ነገሩን ያከትመዋል፤ ማቋረጥ ግን ከወዲያ በኩል ገና ያለ ነገር መኖሩን በውስጡ ይዟል። «ማጥፊያውን ዝጉና ሽቦውን ፍቱ» በሚለውና «ማቋረጫው ተዘግቶም ቢሆን የሰሌዳው ሽቦ ሕያው ነው» በሚለው መካከል ያለው ርቀት የአንድ ሰው ዕድሜ ሊሆን ይችላል።

7. «የተጣራ ቆጠራ»

በሒሳብ ሥራ «የተጣራ ትርፍ» የተለመደ ስለሆነ «የተጣራ ቆጠራ» የሚለው ስያሜ መሠረት አለው። ጉድለቱ ብዙ የክፍያ ሥርዓቶችን በአንድ ስም መሸፈኑ ነው። በአንዱ ሥርዓት ወደ መስመር የተሰጠ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ከመስመር የተወሰደን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይተካል። በሌላው ደግሞ የሚሰጠውና የሚወሰደው ለየብቻ ዋጋ አላቸው፤ ካሊፎርኒያ ከሚያዝያ 15 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዲስ አመልካቾች ወደዚህ ተሻግራለች። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ሕግ የመረጠችው ደግሞ ለሚሰጠው ኤሌክትሪክ አስቀድሞ የተወሰነ ዋጋ መክፈልን ነው። ሁሉንም «የተጣራ» ብሎ የተረጎመ ሰው ለደንበኛው የሰጠው ተስፋ በውሉ ውስጥ ላይገኝ ይችላል። የመጀመሪያው «በልኩ ማካካሻ»፣ ሁለተኛው «በዋጋ ማካካሻ»፣ ሦስተኛው «የተወሰነ መግዣ ዋጋ» ቢባሉ ፈራሚው ምን እንደሚያገኝ ከስሙ ይረዳል።

8. መደምደሚያ

የአማርኛ ሙያዊ ቃላት ሥራ ባለፉት አሠርት ዓመታት ብዙ ጊዜ የተከራከረው በውሰትና በፍጥርት መካከል፣ ወይም ከግእዝ በመውሰድና ከሕዝብ አፍ በመውሰድ መካከል ነበር። ክርክሩ የራሱ ጥቅም ነበረው። እዚህ ያየናቸው ቃላት ግን በዚያ መለኪያ ሁሉም ያልፋሉ፤ «ቋት» ንጹሕ አማርኛ ነው፣ «ትስስር» ያማረ ነው፣ «ማጥፊያ» የማያውቀው የለም። የወደቁት በሌላ መለኪያ ነው፤ አንባቢያቸውን ወደተሳሳተ ተግባር ስለሚመሩ ነው።

ስለዚህ የዚህን ዘርፍ መመሪያዎችና ውሎች የሚተረጉሙ ባልደረቦቻችን ረቂቃቸውን ከማሳተማቸው በፊት በሁለት ሰዎች ፊት እንዲያነቡት እንመክራለን። አንደኛው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ሁለተኛው ሙያውን የማያውቅ የቤት ባለቤት ይሁኑ። ለባለቤቱ «መብራት ሲሄድ ቤትዎ ምን ይሆናል?» ብለው ይጠይቁት። ለሠራተኛው ደግሞ «ማቋረጫው ተዘግቷል፤ ሽቦውን በእጅህ ትይዘዋለህ?» ይበሉት። ሁለቱም ከጽሑፉ ብቻ ተነሥተው በትክክል ከመለሱ ስያሜዎቹ ሥራቸውን ሠርተዋል። ካልመለሱ ግን የሚታረመው አንባቢው ሳይሆን ቃሉ ነው።